ንቦች የሃሚንግበርድ መመገቢያን ሲወሩ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ በጓሮው ወይም በበረንዳው ሃሚንግበርድ ለምትባለው ትንሽ አበባ ቀሳሚ ወፍ የስኳር ውሃ ሰቅሎ ንብ ለበዛበት፣ ንቦቹንም መግደል ለማይፈልግ ሰው የተዘጋጀ።

ንቦች የወፍ መመገቢያ ላይ ምን ይፈልጋሉ?

ስኳሩን ነው። ንብ ከአበባ የምትቀስመው ወለላ በአብዛኛው ስኳርና ውሃ ነው፤ እኛም ለወፎቹ የምንበጠብጠው ያንኑ ነው። በኤፕሪልና በሜይ ዛፉም ሣሩም ሲያብብ ንብ መመገቢያዎን ዞር ብላ አታየውም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ግን የዛፎቹ አበባ ካለቀ በኋላ፣ የመኸሩ አበባ እስኪፈነዳ ድረስ፣ በተለይ በጁላይና በኦገስት የሚቀሰም ነገር ይጠፋል። በዚያው ጊዜ ቀፎው ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ንቦች አሉ። ስለዚህ የመጡት ጠበኛ ስለሆኑ ሳይሆን ስለራባቸው ነው።

ጠዋት ሁለት የነበሩት ከሰዓት በኋላ መቶ የሚሆኑበትም ምክንያት አለ። ምግብ ያገኘች ንብ ወደ ቀፎዋ ተመልሳ በጭፈራ አቅጣጫውንና ርቀቱን ለእህቶቿ ትናገራለች። ይህን የንቦች ቋንቋ የፈታው ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1973 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ሁለት ነገር ይያዙ፦ ንብ ቦታን አጥብቃ ታስታውሳለች፤ ምላሷም ከወፏ ምላስ በጣም ያጠረ ነው። ከዚህ በታች የምንመክረው ሁሉ የቆመው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ነው።

ሃሚንግበርድ አገር ቤት ከማውቃት አበባ ቀሳሚ ወፍ ጋር አንድ ናት?

አይደለችም። ሃሚንግበርድ የምትገኘው በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ አበባ ላይ የምትታየው፣ ወንዱ በፀሐይ የሚያብረቀርቀው፣ ሰንበርድ የሚባለው ሌላ ወገን ነው፤ እንዲያውም ከእነሱ አንዱ ሳይንሳዊ ስሙ የተወሰደው ከተከዜ ወንዝ ነው። ሰንበርድ አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ አርፎ ይቀስማል፤ ሃሚንግበርድ ግን ክንፏን እያርገበገበች አየር ላይ ቆማ ምላሷን ወደ ውስጥ ትሰዳለች።

በምሥራቅ አሜሪካ የምትመጣው ጉሮሮዋ ቀይ የሚባለው ዓይነት ናት (ቀዩ ያለው ወንዱ ላይ ነው)፤ ክብደቷ ሦስት ግራም ገደማ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በኤፕሪል አጋማሽ ደርሳ በኦክቶበር መጀመሪያ ወደ ደቡብ ትሄዳለች። በሲያትልና በሎስ አንጀለስ ያላችሁ ደግሞ አናስ የምትባለውን ዓመቱን ሙሉ ታዩአታላችሁ።

የመጡት ንቦች መሆናቸውን ወይም ተርቦች መሆናቸውን በምን ልለይ?

ቀረብ ብለው ጀርባዋን ይመልከቱ። የማር ንብ ቡናማ ናት፤ ደረቷ ጠጉራም ነው፤ አንዳንዴም የኋላ እግሮቿ ላይ የአበባ ዱቄት ተድቦልቡሎ ይታያል። ተርብ፣ እዚህ የሎው ጃኬት የሚሏት፣ ደማቅ ቢጫና ጥቁር ሆና ገላዋ እንደተወለወለ ልሙጥ ነው፤ ወገቧም የተቀነጠሰ ይመስላል። ንብ ቀዳዳው ላይ ተረጋግታ ስትጠጣ ተርብ ከማረፏ በፊት ወዲያ ወዲህ ትወዛወዛለች፣ ሌሎቹንም ትገፈትራለች። ወፍራሟና ጠጉራሟ ባምብልቢ ናት፤ እሷ በብዛት አትመጣም፣ ብትመጣም ደስ ሊለን ይገባል። ከባምብልቢዎች አንዷ፣ ጀርባዋ ላይ የዝገት ቀለም ያላት፣ በ2017 በፌዴራል መንግሥቱ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ፍጥረታት ጋር ተመዝግባለች።

መለየቱ የሚጠቅመው መፍትሔው ስለሚለያይ ነው። ተርብ በበጋው መጀመሪያ እጮቿን የምትመግበው ሥጋና ነፍሳት ነው፤ ስኳር አጥብቃ የምትፈልገው ከኦገስት ወዲህ ነው። ደጋግማም መንደፍ ትችላለች። የማር ንብ አንዴ ከነደፈች ትሞታለች፤ ከቀፎዋ ርቃ ምግብ ላይ ሳለች ደግሞ ካልተጨፈለቀች ወይም ልብስ ውስጥ ካልገባች በቀር መንደፍ አይታያትም።

ወፎቹን ይጎዷቸዋል?

አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ ወፏ ምግቧን ማጣቷ ነው። ቀዳዳዎቹን ንብ ከያዛቸው ሃሚንግበርድ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠጋ ብላ ትሞክርና ትሄዳለች። አንድ ሁለት ንብ ግን አያስፈራትም፤ ባዶ ያገኘችውን ቀዳዳ መርጣ ትጠጣለች። ስለዚህ ሁለት ንብ ባዩ ቁጥር መጨነቅ አያስፈልግም። መንቀሳቀስ ያለብዎት ወፏ መጥታ ሳትጠጣ መመለስ ስትጀምር ነው።

የስኳር ውሃው ትክክለኛ ልክ ስንት ነው? ማር ባደርግበትስ?

አንድ እጅ ነጭ ስኳር ለአራት እጅ ውሃ። በኩባያ ቢለኩት አንድ ኩባያ ስኳርና አራት ኩባያ ውሃ ነው። ሙቅ ውሃ ላይ ስኳሩን ጨምረው እስኪሟሟ ያማስሉ፤ ሲቀዘቅዝ ይሙሉ። የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ እስከ አንድ ሳምንት ማቆየት ይቻላል። ቡናማ ስኳር፣ የስኳር ምትክና ጁስ አይሆኑም።

ማር ፈጽሞ አይጨምሩ። ከማር አገር ለመጣ ሰው ይህ ይከብደዋል፤ ለወፍ ከስኳር ማር ይሻላል ብሎ ማሰብም የዋህነት አይደለም። ነገር ግን ማር በውሃ ሲቀጥን ቶሎ ይቦካል፣ ሻጋታም ያበቅላል፤ ይህ ወፏን ይጎዳል። ለንቦቹ ደግሞ የባሰ ነው። ከሱቅ የተገዛ ማር የንብ እጭ የሚገድለውን ፋውልብሩድ የተባለ በሽታ ዘር ሊይዝ ይችላል፤ ዘሩ ሰውን አይነካም፣ ነገር ግን ለአሥርተ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። አንዲት ንብ ያንን ቀስማ ወደ ቀፎዋ ከወሰደች ቀፎው በሙሉ ሊያልቅ ይችላል።

ንብ ሲበዛ ልኩን ለጊዜው ወደ አንድ ለአምስት ማቅጠን ይረዳል። ንብ ወፍራም ስኳር ነው የምትመርጠው፤ ሌላ ቦታ የተሻለ ካገኘች ቀጭኑን ትታ ትሄዳለች። ከአምስት በላይ አያቅጥኑት፤ ወፏ ለምትጠጣው ልፋት የሚመጥን ጉልበት አታገኝም። በሴፕቴምበር ለጉዞ ስብ በምታጠራቅምበት ጊዜ ወደ አንድ ለአራት ይመለሱ።

ቀይ ቀለም ልጨምር?

አይጨምሩ። ወፏን የሚጠራት የመመገቢያው ቀይ ፕላስቲክ ነው፤ ውሃው ጥርት ያለ ቢሆን ምንም አይቀርባትም። ቀለሙ የንብ አናቢዎችም ችግር ነው፦ ንብ ያገኘችውን ቀለም እንዳለ ቀፎዋ ትከተዋለች። በ2010 በኒውዮርክ ብሩክሊን፣ ሬድ ሁክ አካባቢ ያሉ ንቦች ከቼሪ ፋብሪካ ቀይ ሽሮፕ ቀስመው ማራቸው ቀይ ሆኖ ተገኝቷል።

የትኛውን ዓይነት መመገቢያ ልግዛ?

ሳህን መሰሉን። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው የተገለበጠ ጠርሙስ ሆኖ ውሃው ከላይ ወደ ቀዳዳዎቹ የሚወርድበት ነው። ሁለተኛው ጠፍጣፋ ሳህን ሆኖ ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ያለው፣ ውሃው ከቀዳዳው በታች የሚተኛበት ነው። የማር ንብ ምላስ ስድስት ወይም ሰባት ሚሊሜትር ነው። የሃሚንግበርድ ምንቃር ብቻውን ከዚያ እጥፍ በላይ ይረዝማል፤ ምላሷ ደግሞ ከምንቃሯ ጫፍ አልፎ ይዘረጋል። ስለዚህ ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ ከቀዳዳው ቢያንስ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ዝቅ ካለ ወፏ ትጠጣለች፣ ንቧ ግን አትደርስበትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሳህኑን እስከ አፉ ይሞላዋል። ያኔ ውሃው ከክዳኑ ጋር ይገናኝና ሳህን የመግዛቱ ጥቅም ይጠፋል። ግማሽ ያህል ብቻ ይሙሉ። ሲሰቅሉትም በእጅዎ አያወዛውዙት፤ ውሃው ተረጭቶ ክዳኑ ላይ ከቀረ ንብ ያንን ልሳ ቦታውን ትማራለች። ንፋስ የሚያወዛውዘው ቦታም ጥሩ አይደለም።

ሲገዙ ሦስት ነገር ይዩ። ቢጫ የፕላስቲክ አበባ የሌለበት ይሁን፤ ንብ ቀይን እንደ ጥቁር ነው የምታየው፣ ቢጫው ግን ይጠራታል። ያለዎት ላይ ቢጫ አበባ ከተሰካ ብዙ ጊዜ ተጎትቶ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ቀዳዳ ለንብ ሰውነት የሚበቃ ከሆነ ግን መልሰው ይክተቱት። ሁለተኛ፣ መሃሉ ላይ ውሃ የሚያዝ ጎድጓዳ ያለው ቢሆን ጉንዳንንም ይከለክላል። ሦስተኛ፣ ክዳኑና ሳህኑ በእጅ ተለያይተው የሚታጠቡ ይሁኑ። ቀዳዳው ላይ የሚገጠም የንብ መከላከያ ወንፊትም ይሸጣል፤ ጠርሙሱ ዓይነት ላይ ግን ብዙም አይረዳም፣ ምክንያቱም ውሃው ወንፊቱ ድረስ ይመጣል።

ያለኝ የጠርሙሱ ዓይነት ነው፤ ለምን ይንጠባጠባል?

ከውሃው በላይ የታፈነው አየር ነው የሚገፋው። ፀሐይ ጠርሙሱን ስታሞቀው አየሩ ይለጠጥና ውሃውን በቀዳዳዎቹ ያስወጣዋል። ጠርሙሱ በጎደለ ቁጥር አየሩ ስለሚበዛ መንጠባጠቡም ይብሳል። ትልቅ ጠርሙስ በሩብ ሞልቶ ፀሐይ ላይ መስቀል ንብን እንደ መጋበዝ ነው።

አነስ ያለ ጠርሙስ ይጠቀሙና ሞልተው ጥላ ውስጥ ይስቀሉት። ከዚያም ክዳኑ ውስጥ ያለችውን የጎማ ቀለበት ይፈትሹ፤ ከተሰነጠቀች ወይም ከጠፋች በፕላስቲኩ ጥርስ ላይ የቧንቧ ቴፍሎን ሁለት ዙር መጠምጠም ይረዳል። ለመፈተሽ ንጹሕ ውሃ ሞልተው ደረቅ ካርቶን ከሥሩ አንጥፈው ለግማሽ ሰዓት ይተዉት፤ ካርቶኑ ላይ የወደቀችው ጠብታ ችግሩ ከየት እንደሆነ ታሳያለች።

አሁን ወረውታል። ዛሬ ምን ላድርግ?

እስኪመሽ ይጠብቁ። ንቦች ሲጨልም ወደ ቀፏቸው ይገባሉ፤ ያኔ መመገቢያውን ያለ ጠብ ማውረድ ይቻላል። ቀን ላይ በእጅ ማባረር፣ በውሃ ቱቦ መርጨት ወይም በጨርቅ መምታት የሚያስከትለው መነደፍን ብቻ ነው።

ካወረዱት በኋላ ሁሉንም ፈታተው በሙቅ ውሃ ይጠቡት፤ ውጭውን፣ ከላይ ያለውን ሜንጦና የተሰቀለበትን ብረትም ጭምር። ከሥሩ ያለው የበረንዳ ወለል ወይም አጥር ላይ የደረቀ ስኳር ካለ እሱንም። ይህን የሚዘልል ሰው መመገቢያውን አዛውሮም ንቡ እዚያው ቦታ ሲዞር ያያል።

ከዚያ አንድ ለአምስት የተበጠበጠ ውሃ በልኩ ሞልተው ከድሮው ቦታ ቢያንስ አራት ወይም አምስት ሜትር ርቆ፣ ቢቻል የቤቱን ማዕዘን ዞሮ፣ ጥላ ውስጥ ይስቀሉት። ጎህ ሳይቀድ ወይም ከመሸ በኋላ ቢሰቅሉት ይሻላል። ንብ የምትመለሰው ወደምታስታውሰው ነጥብ ነው፤ ወፏ ግን ዓይኗ ቀይ ስለሚፈልግ በአንድ ቀን ውስጥ ታገኘዋለች። በየቀኑ አንድ አንድ ሜትር ማሸሽ የሚባለውን ምክር እኛ አንወደውም፤ ንቦቹ ዙሪያውን ሲያስሱ ያገኙታል፣ እርስዎም ሳምንቱን ሙሉ ሲያዛውሩ ይከርማሉ። አንዴ ማራቅ ይበልጣል።

ትርፍ መመገቢያ ካለዎት ንጹሕ ውሃ ብቻ ሞልተው በድሮው ቦታ ይተዉት። የሚመለሱት ንቦች ይቀምሱትና ምንም እንደሌለው ይረዳሉ። ባዶ እጇን የተመለሰች ንብ ደግሞ ቀፎዋ ውስጥ አትጨፍርም።

ቀዳዳው ዙሪያ ቫዝሊን ወይም ዘይት ብቀባስ? ፍሊት ብረጭስ?

ሁለቱንም አያድርጉ። ቫዝሊን፣ የምግብ ዘይትና ከጣሳ የሚረጭ የመጥበሻ ዘይት የወፏ ላባ ላይ ይጣበቃሉ። ሦስት ግራም የምትመዝን ወፍ ዘይት የነካውን ላባዋን ማጽዳት አትችልም፤ መብረርም ሙቀቷን መጠበቅም ይሳናታል። ንብ የምትተነፍሰው በጎንና ጎኗ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለሆነ ዘይት ሲደፍናቸው ታፍና ትሞታለች።

ፍሊት መመገቢያው አጠገብ መረጨት የለበትም። የሃሚንግበርድ ምግብ ስኳር ብቻ አይደለም፤ ትንኝና ሸረሪት ትበላለች፣ ጫጩቶቿንም የምታሳድገው በእነሱ ነው። ሚንት ወይም ሌላ የሚሸት ዘይት ክዳኑ ላይ ማንጠባጠብም በየቦታው ይመከራል፤ ሽታው በሰዓታት ውስጥ ስለሚጠፋና በጣም የጠነከረ ዘይት ስለሆነ ወፏ የምትነካው ቦታ ላይ ባይሆን ይሻላል።

ለንቦቹ ለብቻቸው ስኳር ውሃ ባስቀምጥ ወፎቹን ይተዋሉ?

ለጊዜው ይተዋሉ። ሐሳቡ የደግ ሰው ሐሳብ ነው፤ ግን ሲቆይ ጣጣ አለው። ክፍት ስኳር የሚጠራው የአንድ ቀፎን ንብ አይደለም፤ ከብዙ ቀፎ የመጡት አንድ ሳህን ላይ ተፋፍገው ሲጠጡ በሽታ ይለዋወጣሉ። ጠንካራው ቀፎ የደካማውን ማር ወደ መዝረፍም ሊያመራ ይችላል። ንብ አናቢዎች ክፍት ምግብ የሚቃወሙት ለዚህ ነው፤ እኛም ከእነሱ ጋር ነን።

ሌላው ሁሉ ካልሠራ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ብቻ እንደ ማሳቻ መጠቀም ይቻላል። አንድ እጅ ስኳር ለሁለት እጅ ውሃ ይበጥብጡ፤ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ጠጠር ደርድረው ጠጠሩ ከውሃው በላይ እስኪታይ ድረስ ብቻ ያፍስሱበት፤ ያለ ጠጠር ንቦቹ ይሰጥማሉ። መጀመሪያ መመገቢያው አጠገብ ያስቀምጡት፤ ንቦቹ ከለመዱት በኋላ ማታ ማታ እያነሡ፣ ጠዋት ጠዋት ራቅ እያደረጉ ወደ ጓሮው ጫፍ ይውሰዱት። ሌሊት አያሳድሩት። በሦስተኛው ቀን ያንሡት።

ሁልጊዜ ሊያኖሩ የሚችሉት ግን ንጹሕ ውሃ ነው። ንብ በሙቀት ጊዜ ቀፎዋን የምታቀዘቅዘው በውሃ ነው። ያው ጠጠር ያለው ሳህን በንጹሕ ውሃ በየቀኑ ቢሞላ ለንቦቹ ትልቅ ውለታ ነው።

ታዲያ ንቦቹ ምን ይብሉ?

አበባ። ከሁሉ የሚቀርብዎት መፍትሔ ምናልባት ጓሮዎ ውስጥ የተከሉት በሶብላ ነው። በኦገስት፣ ሌላው አበባ በጠፋበት ወቅት፣ በሶብላ ዘንጉን አውጥቶ ያብባል፤ ንብም ከጠዋት እስከ ማታ አትለየውም። አብዛኛው ሰው አበባው ሳያልቅ ቆርጦ ለበርበሬና ለሽሮ ያደርቀዋል። ሲሶውን ሳይቆርጡ ይተዉት፤ ንቦቹ ይቀስማሉ፣ ለከርሞ የሚዘሩት ዘርም ያገኛሉ። የጥብስ ቅጠልና ጦስኝም ሲያብቡ ንብ ይወዳቸዋል። ከአገሩ ተክሎች ጎልደንሮድና አስተር ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ያብባሉ፤ ብዙ ሰው አረም ናቸው ብሎ ይነቅላቸዋል።

ለሃሚንግበርድ ደግሞ ቱቦ መሰል ቀይ አበባ ያላቸውን ይትከሉ፦ ካርዲናል ፍላወር፣ ቀዩ የአሜሪካ ሃኒሰክል (ከእስያ የመጣውን ነጭና ቢጫ አበባ ያለውን አይደለም)፣ ቀይ ሳልቪያ። ቱቦው ረጅም ስለሆነ የማር ንብ ከሥሩ ያለውን ወለላ አትደርስበትም፤ ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው ንብ የማይወረው መመገቢያ ነው። ችግኝ ሲገዙ ኒዮኒኮቲኖይድ በሚባለው ፀረ ተባይ ያልታከመ መሆኑን ይጠይቁ፤ መድኃኒቱ ተክሉ ውስጥ ሰርጎ እስከ አበባው ይደርሳል። ሜሪላንድ በ2016 ባወጣችው ሕግ ከ2018 ጀምሮ ይህን መድኃኒት ለተራ ሸማች መሸጥን ገድባለች።

በስንት ቀን ልቀይረው? በምን ልጠበው?

ሙቀቱ ከ90 ዲግሪ ፋራናይት ካለፈ በየሁለት ቀኑ፣ ቀዝቀዝ ሲል በየአራት ቀኑ። ውሃው ከደፈረሰ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ካዩ ቀኑን አይጠብቁ። በሙቅ ውሃና በጡጦ ብሩሽ ማሸት ይበቃል፤ ሻጋታ ከያዘ አንድ እጅ ነጭ አቼቶ ለአራት እጅ ሙቅ ውሃ አድርገው ይዘፍዝፉት፣ ከዚያም ደጋግመው ያለቅልቁ። በረኪና የተጠቀመ ሰው ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቆ አየር ላይ ያድርቀው። አቼቶና በረኪናን በምንም ምክንያት አያቀላቅሉ፤ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል።

ንብ ውስጡ ገብታ ሰጥማለች። የስኳር ውሃውን ልድፋው?

አዎ፣ ይድፉትና ይጠቡት። የሞተ ነፍሳት ያለበት ውሃ ቶሎ ይበላሻል። ንብ ሙሉ ገላዋ የገባበት ቀዳዳ የሰፋ ወይም የተሰነጠቀ ነው፤ ክዳኑን ይቀይሩ። ገና እየተንቀሳቀሰች ከሆነ በማንኪያ አውጥተው ቅጠል ላይ ያኑሯት፤ ስኳሩ ክንፏን ስለሚያጣብቀው አንድ ሁለት ጠብታ ንጹሕ ውሃ ያፍስሱባትና ፀሐይ ላይ ይተዉአት። ራሷን ጠርጋ ስትደርቅ ትሄዳለች።

የተርብ ወጥመድ ልስቀል?

የመጡት በእርግጥ ተርቦች ከሆኑ ብቻ፣ ከመመገቢያውም ራቅ አድርገው። ጣፋጭ ብቻ ያለበት ወጥመድ የማር ንብንም ይገድላል። ማባበያው ጥሬ ሥጋ ቢሆን፣ ወይም ጣፋጩ ላይ ትንሽ አቼቶ ቢጨመርበት የማር ንብ ትርቀዋለች። በየቀኑ ውስጡን ይዩ፤ አንዲት የማር ንብ እንኳ ካገኙበት ያውርዱት።

የተርብ ጎጆ መሬት ውስጥ ካገኙ ቤንዚን አያፍስሱበት፤ አፈሩንና የከርሰ ምድር ውሃውን ይበክላል፣ እሳትም ያስነሣል። ሰው የማያልፍበት ቦታ ከሆነ ይተዉት፤ ብርዱ ሲበረታ ከአዲሶቹ እናቶች በቀር ሁሉም ያልቃሉ። በርዎ አጠገብ ከሆነ ባለሙያ ይጥሩ።

ልጆች አሉኝ፤ ጎረቤቴም ንብ ይፈራል። ይቅርብኝ?

መቅረት የለበትም፤ ቦታው ግን ይታሰብበት። ልጆች ከሚጫወቱበት፣ ከበርና ከጎረቤት አጥር ራቅ ያለ ጥግ ይምረጡ። አፓርታማ ከሆነ ከታች ያለው በረንዳ ላይ እንዳይንጠባጠብ ይጠንቀቁ፤ የኪራይ ውልዎ መመገቢያ ይፈቅድ እንደሆነም አስቀድመው ያንብቡ። ለጎረቤትዎ ምን እያደረጉ እንደሆነ ቀድመው ቢነግሯቸው፣ ንብ ያዩ ዕለት ፍሊት ይዘው አይወጡም።

የማር ንብ ከነደፈች መንደፊያዋ ቆዳ ላይ ይቀራል፣ መርዙንም መልቀቁን ይቀጥላል፤ በጥፍርም ይሁን በካርድ ወዲያው ያውጡት፣ በሳሙና ታጥበው በረዶ ያድርጉበት። የተነደፈው ሰው ትንፋሽ ካጠረው፣ ፊቱ ወይም ምላሱ ካበጠ፣ ወይም ከተዝለፈለፈ ሳይዘገዩ 911 ይደውሉ፤ የታዘዘለት የኤፒነፍሪን መርፌ ካለው ይጠቀምበት።

በፀደይ ዛፌ ላይ የንብ መንጋ ተንጠልጥሎ አየሁ። መመገቢያው ነው የጠራቸው?

አይደለም። ቀፎው ሲጠብባቸው ከአሮጌዋ ንግሥት ጋር የወጡ ናቸው፤ አዲስ ቤት እስኪያገኙ ነው ያረፉት። የሚጠብቁት እጭም ማርም ስለሌላቸው በዚያን ጊዜ ገራም ናቸው። አይንኳቸው፤ በአካባቢዎ ላለ የንብ አናቢዎች ማኅበር ይደውሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደስ ብሏቸው መጥተው ይወስዷቸዋል። በቴክሳስ፣ በአሪዞናና በደቡብ ካሊፎርኒያ ያላችሁ ግን ራቅ ብላችሁ ደውሉ፤ በ1990 ወደ ቴክሳስ የገባው ከአፍሪካ ንብ ጋር የተዳቀለው ዝርያ እዚያ አለ፣ ቶሎም ይቆጣል።

ሁሉንም ሞክሬ አልሄዱም። ምን ቀረኝ?

ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ያውርዱት። ወፎቹ በረሃብ አይሞቱም፤ በዚያ ወቅት የዱር አበባውና ትንኙ ይበቃቸዋል፣ መመገቢያው ሲመለስም ያገኙታል። ንቦቹ ግን ቦታው ምንም እንደሌለው ተረድተው ሌላ ይፈልጋሉ። ሲመልሱት አዲስ ቦታ ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ በልኩ የተሞላ ይሁን።

ማውረድ ካልፈለጉ ሰዓቱን ይከፋፍሉት። ሃሚንግበርድ ሌሊቱን ጾማ ስለምታድር ጎህ ሲቀድ ትመጣለች፤ ማታም ሊጨልም ሲል ለሌሊቱ ጠጥታ ትሄዳለች። ንብ ግን ብርሃኑ እስኪደምቅና አየሩ ወደ 55 ዲግሪ ፋራናይት እስኪደርስ ብዙም አትወጣም። ስለዚህ ማለዳ ሰቅለው ንቦቹ ሲጀምሩ ያውርዱት፤ ከፀሐይ መጥለቂያ በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት መልሰው ይስቀሉት። ይህን የሚያደርጉት ጎልደንሮዱ እስኪያብብ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ንቦቹ በራሳቸው ይቀንሳሉ፤ መመገቢያውን የመጨረሻዋን ወፍ ካዩ በኋላ ሁለት ሳምንት ያቆዩት፣ ከሰሜን እየተጓዙ የሚያልፉ ዘግይተው የሚመጡ አሉና።